የሸክላ ሰፈር መደዳ ቤቶች

አምና ጡረታ ስወጣ የማዘጋጃ ቤቱ ባልደረቦቼ ትንሽ ግብዣ አደረጉልኝ። በቅርቡ ከአዲስ አበባ የተመደበ አንድ ወጣት መሐንዲስ አጠገቤ ተቀምጦ ነበርና፣ «አቶ ላምቤቦ፣ በሥራ ዘመንዎ ከሠሯቸው ቤቶች ሁሉ በጣም የሚኮሩበት የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።   ከገነባሁት ያፈረስኩት ይበልጣል። ካፈረስኩትም ውስጥ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋ ያለኝ አንድ ሰፈር አለ። «ሌላ ቀን አጫውትሃለሁ» ብዬ አለፍኩት። ልጁ ምናልባት ረስቶት ይሆናል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ስለነሳኝ ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

ሥራ የጀመርኩት ጣሊያን ከአገር በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ሆሳዕና ላይ ነው። ከሌሞ ገጠር በእግሬ መጥቼ ጭቃ አቡኪ ሆኜ ተቀጠርኩ። አማርኛዬ ስብርብር ያለ ነበር። አለቃችን የነበሩት ግራዝማች ሲያዙኝ ቃላቸውን ትቼ የከዘራቸውን ጫፍ እከተል ነበር፤ ከዘራው ወደ ዞረበት እሮጣለሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ግድግዳ ዘሞ ካዩ ግን በእርግጫ ይጥሉታል፤ እኛም ሳናጉረመርም እንደገና እንጀምራለን። ደሞዙ የቀን ነበር፤ ያበላል፣ አያስተርፍም። ቋሚ ለመሆን ስንት ማመልከቻ እንደጻፍኩና ስንት ጊዜ «ነገ ተመለስ» እንደተባልኩ አላወራም፤ ያንን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም።

ከሆሳዕና ጃጁራ አዛወሩኝ፤ የገበያ መጋዘን እንድንሠራ። ሙያ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው፤ ጋሽ ሽኩርን ያገኘሁት ጃጁራ ነውና።

ጋሽ ሽኩር አባታቸው ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እሳቸው ግን ሱቁን ለወንድማቸው ትተው ግንበኝነት የያዙ ሰው ነበሩ። ሀዲይኛውንም ከምባትኛውንም ከአማርኛው እኩል ይናገራሉ። ከአፋቸው መፋቂያ አይጠፋም። ሲናደዱ አይጮኹም፣ አይሳደቡም፤ መፋቂያው ከቀኝ ጉንጫቸው ወደ ግራ ይዛወራል፤ ያኔ እኛ ሠራተኞቹ የሠራነውን ዞር ብለን ማየት እንጀምራለን።

አሮጌ ቤት እንድንጠግን ወይም እንድናፈርስ ስንላክ መዶሻ ከማንሳታቸው በፊት በሩን ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። ደጋግመው። መጀመሪያ ሰሞን ይገርመኝ ነበር። «ጋሼ፣ የምናፈርሰውን ቤት በር ምን ያደርግልናል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አናጢው ሲገጥመው ልክ ነበር አይደል?» አሉኝ። «ዛሬ ደፉን የሚፍቀው ለምንድነው? መሬቱ ሄዷል። ወዴት እንደሄደ ሳላውቅ ጣሪያው ላይ ሰው አላወጣም።»

ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ካዩ ደግሞ ጭቃና አመድ ለውሰው፣ እንደ ቁስል ፋሻ በስንጥቁ ላይ አግድም ይለጥፉበታል። «ማኅተም» ይሉታል። ከርመን ስንመለስ ማኅተሙ ተሰንጥቆ ካገኘነው ግድግዳው ገና እየሄደ ነው ማለት ነው። ሳይነካ ካገኘነው ስንጥቁ የድሮ ነው፣ ቤቱ ተደላድሏል። እኔም ለውሱን ተማርኩ። አመዱ ከበዛ በራሱ ይፈረካከሳል፤ ጭቃው ከበዛ ይለጠጥና እውነቱን ይደብቃል። ልኩን በጣቶቼ መካከል አሽቼ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ጋሽ ሽኩር ለውሱን ነክተው፣ ምንም ሳይናገሩ ወደ ግድግዳው ይዘውት የሄዱ ዕለት ከሹመት በላይ ነበር የተደሰትኩት።

ሁለታችንንም አንድ ላይ አንጋጫ አዛወሩን፤ ከዚያ ደግሞ ከአንጋጫ ወዲያ ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ። የከተማዋን ስም ልተወው። ሰዎቹ አሁንም አሉ።

በዚያች ከተማ ዳር አንድ የውጭ አገር ሰው የጡብ ፋብሪካ ነበረው። ማቃጠያ ምድጃዎች፣ ረጃጅም ማድረቂያ ዳሶች፣ ጭቃው የሚቆፈርበት ትልቅ ጉድጓድ። ጉድጓዱ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሄዶ በኋላ አንድ ገበያ ሙሉ ሰው ቢገባበት የማይሞላ ሆነ። ከጉድጓዱ አፋፍ በላይ ለሠራተኞቹ በዚያው ጡብ መደዳ ቤቶች ሠራላቸው። ሰዉ ሸክላ ሰፈር አለው። ከሌሞም ከከምባታም ወጣቶች እየመጡ ተቀጠሩ፤ አገቡ፣ ወለዱ። ሱቅ ተከፈተ፣ የጸሎት ቤት ተሠራ። ጡቡ ጥሩ ጡብ ነበር፤ ሁለቱን ስታጋጫቸው እንደ ደወል ይጮኻሉ። ትምህርት ቤቱም ክሊኒኩም የተሠሩት በዚያ ጡብ ነው።

በኋላ መንገዱ ተሻሻለና መኪና ሲሚንቶና ቆርቆሮ እያመላለሰ ማምጣት ጀመረ። ሰው በብሎኬት መሥራት ለመደ። ፋብሪካው ሥራ እንደቀነሰ እንሰማ ነበር፤ ይዘጋል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ጠዋት ለትምህርት ቤቱ አጥር ጡብ ልንጭን በጋሪ ሄድን። በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ሠራተኞቹ በሙሉ በራፉ ላይ ቆመዋል። ባለቤቱ ሌሊቱን ዕቃውን ጭኖ ሄዷል አሉ። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ለብዙ ዘመን ምድጃ ያነደደ አየለ የሚባል ጠና ያለ ሰው፣ አጥሩን ዘሎ ገብቶ መዳፉን ምድጃው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ፣ «ገና ትኩስ ነው እኮ!» አለ። ምድጃው ትኩስ ከሆነ ፋብሪካው ሊዘጋ አይችልም ብሎ የሚከራከር ይመስል ነበር። እስከ ከሰዓት ድረስ እዚያው ቆሙ። እኛም ባዶ ጋሪያችንን ይዘን ተመለስን። አየለ ብዙም አልቆየም፤ በዚያው ዓመት ታሞ ሞተና ከመደዳ ቤቶቹ በታች፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀበረ።

ሰፈሩ እንዴት እንደዚያ ቶሎ ባዶ እንደሆነ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። መጀመሪያ ወጣቶቹ ወደ ወንጂና ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ከዚያ ሚስቶች ተከተሉ። ሱቁ ተዘጋ። የሄዱት ሰዎች በርና መስኮታቸውን ነቅለው ይዘው ሄዱ፤ የተዉትን ሌላው ነቀለው። ትናንት ሰላምታ እየተለዋወጥኩ የማልፍበት መንገድ ላይ ያለው ቤት ሁሉ አፉን ከፍቶ ቆመ። ውሾቹ ብቻ በየደጁ ቀሩ፤ ሰው ሲያልፍ ተነስተው ያዩና የእነሱ ሰው አለመሆኑን ሲያውቁ መልሰው ይተኛሉ።

የቀሩት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ እማማ ማርታ፣ የአየለ ሚስት። በመጨረሻው መደዳ፣ በዳረኛው ቤት ይኖራሉ። ከኋላ ትንሽ እንሰት ተክለዋል። ባለፍን ቁጥር ዶማ ይዘው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው እናያቸዋለን።

«እማማ፣ እዚህ ብቻዎን አይፈሩም?» አልኳቸው አንድ ጊዜ።

«ማንን ልፍራ፣ ልጄ? ሰው የለ» አሉኝና ሳቁ።

በዚህ ባዶ ሰፈር ምን ይደረግ በሚለው ነገር ከተማው ተከፋፈለ። ነጋዴዎቹ ፈርሶ ጡቡ ይሸጥ አሉ። ሽማግሌዎቹ መሬቱ በፊት የማን ማን እንደነበር እናውቃለን፣ ለባለቤቶቹ ይመለስ አሉ። አዲሱ የማዘጋጃ ቤት ሹም አቶ ሰይፉ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አመጡ። አቶ ሰይፉ የተማሩ፣ ትሑትና ለሰው የሚያዝኑ ሰው ነበሩ። ከወንዙ ዳር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ በሚገባባቸው ጎጆዎች የሚኖሩ ድሆች ነበሩን። «ወዲያ ሰው ያጣ ቤት፣ ወዲህ ቤት ያጣ ሰው» አሉ በስብሰባው ላይ። «ለምን አናገናኛቸውም?» ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

አቶ ሰይፉ ወደ ጋሽ ሽኩር ዞሩ። «ቤቶቹ ይችላሉ?»

«አንድ ክረምት ይስጡኝ» አሉ ጋሽ ሽኩር።

ሰጧቸው። ሊያጣድፉን ይችሉ ነበር፤ አላጣደፉንም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በየቤቱ እየዞርን ስንጥቁን ሁሉ በማኅተም ለጠፍን። ቱምቢ፣ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበትን ገመድ፣ እየጣልን የማዕዘኖቹን ቀጥታ ለካን። ከመደዳዎቹ ጀርባ፣ ከሽቅቡ የሚመጣውን ውሃ የሚቀበል የድሮ የፋብሪካ ቦይ ነበር፤ ንጹሕ ነው፣ ውሃው ይሮጣል። «ጥሩ ተዳፋት ሰጥተውታል» አልኩ እኔ፣ ጋሽ ሽኩርም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ክረምት ከባድ ነበር። በየሳምንቱ ማኅተሞቹን አየን። አንድም አልተሰነጠቀም። ከመስቀል በኋላ የመጨረሻውን ቤት አይተን ስንወጣ ጋሽ ሽኩር መፋቂያቸውን ከአፋቸው አውጥተው፣ «መሬቱ ተኝቷል፤ ሰው ይግባበት» አሉ።

በጋውን በሙሉ በርና መስኮት ስንገጥም፣ ጣሪያ ስንጠግን ከረምን። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ የለም። ሰዎቹ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ይገባሉ። ከገቡት መካከል ጴጥሮስ የሚባል ሸማኔና ሚስቱ ልያ ነበሩ። ጴጥሮስ ሸማውን የሚሠራበት ጉድጓድ ወለሉ ላይ ልቆፍር ይፈቀዳል ወይ ብሎ ጠየቀኝና ጋሽ ሽኩር ራሳቸው ቦታውን መርጠው አሳዩት። ልያ ድርና ማጉን እያዘጋጀች ትዘምራለች፤ የመዝሙሩ ድምፅ በባዶው ሰፈር ውስጥ ሲሰማ ሌሎቹ ቤቶችም የነቁ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው በጋ የእማማ ማርታ ጉልበት አበጠ። አንጋጫ የምትኖር የእህታቸው ልጅ በጋሪ መጥታ ወሰደቻቸው። ዕቃቸውን የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። «ክረምት ሲገባ እመለሳለሁ» አሉኝ ጋሪው ላይ ሆነው። «እሱን ለማየት።» የባላቸውን መቃብር ማለታቸው ነው። እኔም «እንኳን ደህና መጡ እንላለን፣ እማማ» አልኳቸው። የእሳቸውን ቤትም አድሰን ሰው አስገባንበት። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ እሳቸው ግን ጉልበታቸው አላስነሳ ብሏቸው አልመጡም።

በነሐሴ፣ በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ አባርቶ ነበር። ልያ ለገበያ ስትወርድ በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ አልፋ እኛ ዘንድ ብቅ አለች።

«ጋሼ ሽኩር፣ በሩን መጥታችሁ ብታዩልን። ከትናንት ወዲህ አልዘጋ ብሎናል። ጴጥሮስ ወባ ይዞት ተኝቷል፣ ብርድ እየገባበት ነው።»

«የእናንተ ብቻ ነው?» አሏት።

«የጎረቤቶቻችንም እንደዚያው ነው። እንጨቱ በዝናብ አብጦ ነው ይላሉ።»

መፋቂያው ወደ ግራ ተዛወረ። ልያ ወደ ገበያ ወረደች። ጋሽ ሽኩር ዕቃ እንኳን ሳይዙ ወጡ። መጀመሪያ ፈጠን ብለው ነበር የሚራመዱት፤ ከከተማው ስንወጣ መሮጥ ጀመሩ። ጋሽ ሽኩር ሲሮጡ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔም ለምን እንደምሮጥ ሳላውቅ ተከትያቸው ሮጥኩ።

ስንደርስ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ሴቶች ደጅ ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ። ጋሽ ሽኩር የመጀመሪያውን ቤት በር ያዙና ሳቡት፤ መሃል ላይ ቆመ። ግድግዳው ላይ በፊተኛው ክረምት የለጠፍነውን ማኅተም አየሁት። ለሁለት ተከፍሏል፤ በክፍተቱ ውስጥ ጣት ይገባል።

«ውጡ!» ብለው ጮኹ። በአማርኛ፣ ቀጥለው በከምባትኛ፣ ቀጥለው በሀዲይኛ። «ዕቃ አታንሱ! ሽቅብ ውጡ!» ሴቶቹ ጎመኑን ጥለው ተነሱ። እኔ በአንድ በኩል፣ እሳቸው በሌላ በኩል በሮቹን እየደበደብን ሄድን። ሰው ይወጣል፣ ይጮኻል፣ ሕፃን ያነሳል። የጴጥሮስ ቤት ከዳር ሁለተኛው ነው። ጋሽ ሽኩር እዚያ ሊደርሱ ሲሉ አየኋቸው። «ጴጥሮስ!» ሲሉ ሰማሁ። ጴጥሮስም ከውስጥ፣ በደከመ ድምፅ፣ «አቤት» አለ።

ከዚያ መሬቱ ሄደ።

ሰው ሲጠይቀኝ ድምፁ ምን ይመስል ነበር ይላል። ትልቅ ድምፅ አልነበረውም። ረጅም፣ ወፍራም ትንፋሽ ነበር የሚመስለው። መደዳው ቤት እንደቆመ፣ ጣሪያው ላዩ ላይ እንዳለ፣ ወደ ታች ሲንሸራተት አየሁት። ለአንድ አፍታ ሳይፈርስ ነበር የሄደው፤ ጋሪ ላይ የተጫነ ይመስል። ከዚያ መሃሉ ተሰበረና ጡቡ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ጉድጓዱ ውስጥ የከረመው ውሃ ቀይ ሆኖ ተነሳና ተመልሶ ተኛ። እኔ የቆምኩበት መሬት ከእግሬ ጫማ ፊት ለፊት ተቆርጧል።  ወደኋላ መሸሽ እንዳለብኝ እንኳ አላሰብኩም፤ አንዲት ሴትዮ ኮቴን ይዘው ጎትተው ነው የመለሱኝ።

ጋሽ ሽኩርን አፋፉ ላይ አገኘናቸው። የጎን ግድግዳው እስከ ወገባቸው ቀብሯቸዋል። በእጃችን ነበር የቆፈርነው። ዓይናቸው የጴጥሮስ በር የነበረበት ቦታ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። እዚያ አሁን ሰማይ ብቻ ነው ያለው።

ልያ ከገበያ ስትመለስ ሰው ሁሉ መንገዱ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ጨውና አንድ እቅፍ ጥጥ ይዛለች። ማንም ሊነግራት አልደፈረም። እኔም አልደፈርኩም። ወደ እኔ መጣች፤ የምታውቀኝ እኔን ነውና።

«ጋሼ፣ በሩን አያችሁልን?» አለችኝ።

 ፊቴን አየች። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ሰፈሩ ተመለከተች። አልጮኸችም። «ቤቱ የታለ?» አለች ቀስ ብላ፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰው። «ቤቱ እዚህ ነበር እኮ።» ጥጡ ከእጇ ወድቆ ጭቃው ላይ ተበተነ።

ከከተማውም ከገጠሩም ሰው ወጥቶ ብዙ ቀን ቆፈረ። ጭቃውን በቆፈርነው ቁጥር ውሃው ይሞላዋል። ሌላው ሰው ሁሉ ወጥቶ ተርፏል፤ ጴጥሮስን ግን አላገኘነውም። ከስሩ የነበረው የአየለ መቃብርም አብሮ ሄዷል።

ወሬውን ሰምተው እማማ ማርታ በጋሪ መጡ። ሰው ደግፎ አወረዳቸው። ወደ ጉድጓዱ ይሄዳሉ ብለን መንገድ ለቀቅንላቸው። እሳቸው ግን ምርኩዛቸውን ይዘው፣ እያነከሱ፣ ከቀሩት መደዳዎች ጀርባ ወዳለው ቦይ ሄዱ። ተከተልናቸው። ቦዩ የለም። ደለልና ሣር ሞልቶት ከመሬቱ እኩል ሆኗል፤ ከሽቅቡ የሚወርደው ውሃ ቀጥታ ወደ ቤቶቹ ስር ይገባል።

«ማነው የዘጋው?» አሉ እማማ ማርታ።

«ማንም አልዘጋውም፣ እማማ» አሉ አቶ ሰይፉ።

«ታዲያ ማን ጠረገው?»

 እርስ በርስ ተያየን። ያኔ ነው የገባኝ። ያ ዶማ፣ ያ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጭቃ ለእንሰታቸው አልነበረም። ፋብሪካው ሲሠራ ቦዩን ሠራተኞቹ ጠዋት ጠዋት ይጠርጉት ነበር፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ሥራው በእሳቸው እጅ ቀረ። ያንን ሁሉ ክረምት፣ እኛ ማኅተሞቻችንን እየዞርን ስናይ፣ ሰፈሩን ይዘው ያቆሙት እሳቸው ነበሩ።

ጋሽ ሽኩር እግራቸው ታስሮ በቃሬዛ አምጥተናቸው ነበር፤ ካላየሁ ብለው። «ለካ መሬቱን ሳይሆን እርስዎን ነው የለካነው» አሉ።

እማማ ማርታ ተደናግጠው አዩዋቸው። «እኔ ምን አደረግሁ?» አሉ። «እኔ ለአየለ ብዬ ነው። ውሃው መቃብሩ ላይ እንዳይወርድ ብዬ። ስለ ቤቶቹ አስቤም አላውቅ! ብነግራችሁ ኖሮ… ምን ብዬ ልንገራችሁ? እኔስ መች አወቅሁ?» ድምፃቸው ተቆራረጠ። «የሰው ልጅ ገደልኩ እንዴ?»

ይህን ሲሉ ልያ ከኋላችን ቆማ ነበር። መጣችና ከአጠገባቸው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ የእማማን እግር ጠቀለለችበት።  ማናችንም ከቆምንበት አልተንቀሳቀስንም። ከዚያ ልያ ዶማ አንስታ ቦዩ ውስጥ ገባች። አቶ ሰይፉ ኮታቸውን አውልቀው ተከተሏት። ሁላችንም ገባን።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን መደዳዎች አፈረስናቸው። ጡቡን አንድ በአንድ ከጭቃው እያላቀቅን፣ ከከተማው በላይ በደልዳላው ሜዳ ላይ ለሰዎቹ ትንንሽ ቤቶች ሠራንላቸው። አቶ ሰይፉን ማንም አልከሰሳቸውም፤ እሳቸው ግን የመጨረሻው ቤተሰብ ገብቶ እስኪያድር ድረስ ዕረፍት አልወሰዱም። ከዚያ በራሳቸው ጥያቄ ተዛወሩ። ስንሰነባበት እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ።

የጋሽ ሽኩር እግር እንደነበረው አልሆነም። ግንባታው ቦታ ድረስ ወንበር እያመጡላቸው ተቀምጠው ያሠሩን ነበር። ስለዚያ ቀን ያነሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ላምቤቦ፣ ባዶ ሰፈር ስትላክ ቤቶቹን እንደተማርከው እያቸው። ከዚያ ግን የነበሩትን ሰዎች ፈልጋቸው፤ የትም ይሁኑ። ጠዋት ተነስተው ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቃቸው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በተመደብኩበት ሁሉ እንዲሁ አደረግሁ። ከአንድ የተተወ የገበያ ሰፈር የሄደን ሰው ፍለጋ በፈረስ ጋሪ ሆሳዕና ድረስ ተጉዤ፣ «የጉድጓዱን ክዳን ማን ነበር የሚያነሳው?» ብዬ ስጠይቀው ሰውየው ያበድኩ መስሎት ነበር። ጋሽ ሽኩር ጃጁራ ውስጥ፣ በወንድማቸው ቤት አረፉ። አፈር ካለበሷቸው ሰዎች አንዱ ነኝ።

የሸክላ ሰፈር መሬት ጾሙን አደረ። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ይመለስልን ማለቱን ተዉት። ማንም በዚያ በኩል ማለፍ አልፈለገም። መሬቱን ልውሰደው ብላ ማዘጋጃ ቤት የመጣችው ልያ ናት። ሰዉ ደነገጠ። አንድ የጸሎት ቤቷ ሽማግሌ እኔ ባለሁበት ሊመክሯት ሞከሩ፤ «ልጄ፣ ሌላ ቦታ እንፈልግልሻለን፣ ያንን መሬት ለምን?» አሏት።

«ባሌ ያለበትን ቦታ ለማን ልተወው?» አለች።

እማማ ማርታም ከአንጋጫ ተመልሰው ከእሷ ጋር ኖሩ። እንደ እናትና ልጅ ሆኑ። ከአፋፉ ራቅ ባለው፣ መደዳዎቹ በነበሩበት ጠንካራ መሬት ላይ እንሰት ተከሉ። እማማ በሰላም አርፈዋል። ልያ ሌላ አላገባችም።

አምና ከዚያ ግብዣ በኋላ፣ ልጁ ከጠየቀኝ ጥያቄ ጋር ስታገል ሰነበትኩና ወደዚያች ከተማ ሄድኩ። ለብዙ ዓመት አልረገጥኳትም ነበር። ልያ ጠጉሯ ሸብቷል። እንሰቱ ከቤቷ ጣሪያ በላይ ሄዶ ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ሆኗል፤ ከስሩ ያለው አፈር ጥቁርና ለስላሳ ነው። አንዳች የጡብ ስብርባሪ አይታይም። እጄን አስታጠበችኝና ቆጮና አይብ በጎመን አቀረበችልኝ።

«ከዚህ ነው?» አልኳት ወደ እንሰቱ እያየሁ።

«ከዚህ ነው፣ ጋሼ።»

እጄ ሳህኑ ላይ ቀረ።  ያ ቀይ ውሃ ሲነሳ ታየኝ፤ ጴጥሮስም ከውስጥ «አቤት» ሲል ሰማሁት። እሷ ሁኔታዬን አይታ አልተቀየመችም። ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እኔም መጀመሪያ የቆረጥኩ ጊዜ እንደዚያው ሆኜ ነበር» አለችኝ። «እማማ ናቸው ያጎረሱኝ። እሱ ሸማኔ ነበር፣ ጋሼ፤ የሚወደው ሰው ሲለብስለት ነው። እዚህ ያለው ነገር ለሰው ካልጠቀመ ምን ያደርግለታል?» ከዚያ በእጇ ጠቅልላ ወደ አፌ አስጠጋች። «ይብሉ እንጂ።»

ጎረስኩ።